የተኛ ባሌስትራ፦ የዕድራችን መኪና ለምን ወደቀች? እንዴትስ ተጠገነች?

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በመኪና ጉዳይ ንዑስ ኮሚቴ የተሰጠ ገለጻ)



የሥራ አመራር ኮሚቴው በዛሬው ስብሰባ ላይ ስለ መኪናችን የኋላ ባሌስትራ እንድንናገር አዞናል። ከመካከላችሁ «ዕድር የተቋቋመው ለቀብርና ለለቅሶ ነው፤ ባሌስትራን እዚህ ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ የነበራችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ። ላልነበሩትና አዲስ ለገቡት አባላት ስንል ነገሩን ከመነሻው እንተርከዋለን።

በዚያ ወር አንዲት የዕድራችን እናት ዐረፉ። ኑዛዜያቸው ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለው በትውልድ መንደራቸው ደብር እንዲቀበሩ ነበር። እንደ ልማዳችን አስከሬኑን በላንድሮቨራችን ጫንን። ከዚያም ድንኳኑን ከነብረቱ፣ ድስቱንና አግዳሚውን ፖርቶ መጋላው ላይ አሰርን። ከዚያ ደግሞ ሰው ገባ። «እኔም ልሂድ፤ እኔማ ሳልሄድ አልቀርም» እየተባለ ከነሾፌሩ 17 ሰው ሆንን። በለቅሶ ቀን ሰውን ውረድ ማለት የሚደፍር የለም፤ እኛም አልደፈርንም።

ቁልቁለቱ አጋማሽ ላይ ስንደርስ ከኋላ በግራ በኩል «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። መኪናዋ ከሾፌሩ እጅ ወጥታ ወደ ገደሉ በኩል ዞረች። የዳር ድንጋይ ጎማውን ባይዘው ኖሮ ዛሬ ይህን የሚናገርም የሚሰማም ባልኖረ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው አልሞተም፤ የአንድ ወጣት ክንድ ግን ተሰበረ። የእናታችንን ሣጥን ተሸክመን በጭቃና በዝናብ ሁለት ሰዓት በእግር ሄድን። ካህናቱ ለፍትሐት ተዘጋጅተው ቆመው ጠበቁን። የሟች ልጅ ከሣጥኑ ኋላ ስትከተል ምንም አልተናገረችንም። ብትቆጣን ይሻለን ነበር።

የተሰበረው የግራው የኋላ ባሌስትራ ዋናው ቅጠል ነበር። ይህንን አደጋ መንገዱ አመጣው፣ ዝናቡ አመጣው ብለን ማለፍ እንችል ነበር። እውነቱ ግን እኛ ነን ያመጣነው። ከአደጋው ሁለት ወር በፊት አንዲት እማማ መኪናዋን በር ላይ ቆማ አይተው «ልጆቼ፣ ይህች መኪና እኮ ተቀመጠች፤ እንደ ወላድ ላም ኋላዋ ወርዷል» ብለውን ነበር። እኛም «አይ እማማ፣ አሮጌ ስለሆነች ነው» አልናቸው። እርሳቸው ያዩትን እኛ መካኒክ ነን ባዮቹ አላየንም፤ ወይም አይተን አላየንም አልን።

ስለዚህ የዛሬው ገለጻችን ግማሹ ትምህርት ግማሹ ኑዛዜ ነው።

1. ባሌስትራ ምንድን ነው?

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣልያንኛ የመጣ ነው። በጣልያንኛ የመኪናውን ብረትም ይሁን ከጥንት ጀምሮ በእንጨት ላይ የሚታሰረውን የጦር ቀስት በዚሁ ስም ይጠሩታል። ስያሜው ሥራውን በደንብ ይገልጻል። ቀስት ሲለጠጥ ጉልበት ያከማቻል፣ ሲለቀቅ ወደ ቦታው ይመለሳል። ባሌስትራም እንደዚሁ ነው። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወይም ድንጋይ ሲረግጥ ብረቱ ይለጠጥና ተመልሶ ይቀስታል። ድንጋዩን የሚቀበልልን እርሱ ነው፤ ባይኖር ኖሮ ወገባችን ይቀበለው ነበር።

አንድ ባሌስትራ የተሠራው ከብዙ የብረት ቅጠሎች ነው። ከላይ ያለው ረጅሙ ዋናው ቅጠል ሲሆን ሁለቱም ጫፎቹ ተጠቅልለው ዐይን ይሠራሉ። ከበታቹ ያሉት ደረጃ በደረጃ እያጠሩ ይሄዳሉ። ሁሉንም የሚያያይዛቸው በመሀል የሚያልፈው ብሎን ነው። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ጠፍረው የሚይዙት ደግሞ ዩ ቦልት የምንላቸው ናቸው። የፊተኛው ዐይን ከሻንሲው ጋር በቀጥታ ይታሰራል። የኋለኛው ግን በሁለት የብረት ማንጠልጠያዎች ይያዛል። ምክንያቱም ባሌስትራ ሲለጠጥ ስለሚረዝም የሚወዛወዝበት ቦታ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባሌስትራ ጭነት መሸከም ብቻ አይደለም ሥራው። የኋላውን አክስል በቦታው ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እርሱው ነው። ዋናው ቅጠል ከፊተኛው ዐይን አጠገብ ከተሰበረ አክስሉ በአንድ ወገን ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መኪናውም መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ወደ ጎን ይሄዳል። በእኛ ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

የእኛ መኪና ረጅሙ ላንድሮቨር ነው። የመጀመሪያው ላንድሮቨር በአምስተርዳም ለሕዝብ የታየው በ1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1948) ነበር። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ በሞላ የሚሄደው አዲሱ ሞዴል እ.ኤ.አ. በ1983 እስኪወጣ ድረስ ላንድሮቨሮች ከፊትም ከኋላም በባሌስትራ ነበር የሚሄዱት። አሮጌው ቶዮታ ላንድክሩዘርም፣ ኤን-ትሬ ስንለው የኖርነው የፊያት የጭነት መኪናም እንዲሁ ናቸው። በአገራችን ለባሌስትራ ያላለቀሰ ሾፌር የለም። ከታርማ በር ዋሻ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል የወረደ፣ ከለሚ ተነሥቶ የጀማን ሸለቆ ወርዶ ወደ ዓለም ከተማ የወጣ ሁሉ የባሌስትራን ዋጋ ያውቃል።

2. ባሌስትራ ለምን ይተኛል?

ብረት ይደክማል። የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ካርቦን፣ ማንጋኒዝና ሲሊከን በልክ የገቡበት ነው። በፋብሪካ እስከ 850ና 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ይግልና በዘይት ይነከራል። እንደገና እስከ 450ና 500 ዲግሪ ድረስ ተሙቆ እንዲለሰልስ ይደረጋል። ተለጥጦ እንዲመለስ የሚያደርገው ይህ ነው። ይሁንና ከአቅሙ በላይ በተለጠጠ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ሳይመለስ ይቀራል። ሺህ ጊዜ ጥቂት ሲቀር ብዙ ይሆናል። ቅስቱ ይጠፋና ጠፍጣፋ ይሆናል። ያን ጊዜ ባሌስትራው ተኛ እንላለን።

ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ጭነት ነው። የዚያን ቀን የጫንነውን ቆይተን በወረቀት ላይ አስልተነው ነበር። 17 ሰው በአማካይ በ60 ኪሎ ሲባዛ 1,020 ኪሎ ነው። ሣጥኑ ከነአስከሬኑ 90 ኪሎ ያህል፤ ድንኳኑ፣ ብረቱ፣ ድስቱና አግዳሚው 140 ኪሎ ያህል። ሲደመር 1,250 ኪሎ፣ ማለት አሥራ ሁለት ኩንታል ተኩል ሆነ። ረጅሙ ላንድሮቨር ግን ለመንገደኛ ሲሠራ ቢበዛ ወንበሩ ለ12 ሰው ነው፤ በተመሳሳይ ስሌት 720 ኪሎ መሆኑ ነው። ከ5 ኩንታል በላይ ትርፍ ጫንን ማለት ነው። በአንዲት አህያ ላይ እጥፍ ጭነት የሚጭን ሰው ብናይ «አረ ግፍ ነው» እንለዋለን። መኪናዋ ስለማትጮህ ነው እንጂ በእርስዋም ላይ የተደረገው ግፍ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዝገት ነው። የመንዝ ክረምት ዝናብና ጉም ነው፤ ጭቃው በቅጠሎቹ መካከል ይገባል። ቅጠሎቹ እርስ በርሳቸው እየተፋተጉ መንሸራተት ሲገባቸው ዝገቱ ያጣብቃቸዋል። ዝገት የበላው ጉድጓድ ደግሞ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው።

ሦስተኛው የዩ ቦልት መላላት ነው። ዩ ቦልት ሲላላ ጉልበቱ ሁሉ በመሀሉ ብሎንና በብሎኑ ቀዳዳ ላይ ያርፋል። ብዙ ባሌስትራ መሀሉ ላይ የሚሰበረው ስለዚህ ነው።

አራተኛው በዐይኖቹ ውስጥ ያለው ጎማ፣ ቡሽ የምንለው፣ ማለቁ ነው። አንዳንድ ጊዜ መኪናው የወረደው ባሌስትራው ተኝቶ ሳይሆን ቡሹ አልቆ፣ ማንጠልጠያው ተበልቶ ይሆናል። ስለዚህ ሳይመረምሩ ወደ መግዛት መሮጥ ገንዘብ ማባከን ነው።

3. እንዴት ይታወቃል?

እማማ ያለ መሣሪያ አውቀውታል። እኛም እንደሚከተለው ማወቅ እንችላለን።

መኪናውን ባዶውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የጎማዎቹ ነፋስ እኩል መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ በአክስሉና ከበላዩ ሻንሲው ላይ ባለው የጎማ ማረፊያ መካከል ያለውን ክፍተት በሜትር ለኩ፤ በግራም በቀኝም። እኛ ከአደጋው በኋላ በተረፈው በቀኙ ወገን ስንለካ ባዶዋን ሆና 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ አገኘን። ሰው ሲገባባት አክስሉ ከጎማ ማረፊያው ጋር ይጋጭ ነበር ማለት ነው። አዲሱ ከገባ በኋላ በሁለቱም ወገን ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ደረሰ።

ሌላው ምልክት የፊት መብራት ነው። ኋላዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ወደ ላይ ያያል፤ መብራቱም መንገዱን ትቶ ሰማይ ሰማዩን ያበራል። የታርማ በርን ጉም የሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። መሪውም ይቀላል፤ ሾፌሩ ቀለለኝ ብሎ ይደሰት ይሆናል፤ ነገር ግን የፊት ጎማዎች መሬቱን በሚገባ ስላልያዙ ነው። ፍሬን ሲይዝም ይንሸራተታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንስጥ። በብዙ አሮጌ ላንድሮቨሮች የሾፌሩ ወገን ባሌስትራና የሌላው ወገን እኩል አይደለም፤ የሾፌሩ ጠንከር ያለ ነው። ስለዚህ ባዶዋን ሳለች ጥቂት ብትዘም አትደንግጡ። ዕቃ ስትገዙም የግራና የቀኙን ለይታችሁ ግዙ።

4. የሠራናቸው ሦስት ስሕተቶች

አደጋው የአንድ ቀን ነገር አልነበረም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስናዘጋጀው ነበር ቢባል ማጋነን አይደለም።

አንደኛ፤ በ2008 ዓ.ም. ግራው ወርዶ ስናይ ከሌላ መኪና የተገኘ አንድ ወፍራም አጭር ቅጠል ጨመርንበት። በዚያን ሰሞን መኪናዋ ቀና አለችና ኮራን። ግን ወፍራሙ ቅጠል አልለጠጥ ብሎ ጫፉ ባበቃበት ቦታ ላይ ዋናው ቅጠል ብቻውን እየታጠፈ መኖር ጀመረ። ሽቦን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ ብታጥፉት ምን ይሆናል? ይቆረጣል። በኋላ የተሰበረው በትክክል እዚያው የተጨመረው ቅጠል ጫፍ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። ቅጠል መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው አንልም፤ ስፋቱ፣ ውፍረቱና ቅስቱ ከቀሩት ጋር የተስማማ፣ ርዝመቱም በደረጃው የገባ ከሆነ፣ በሁለቱም ወገን እኩል ከተደረገ ይሠራል። ያገኙትን መሰንቀር ግን ጥገና አይደለም።

ሁለተኛ፤ በ2009 ዓ.ም. ግራው ከፍ ቀኙ ዝቅ ብሎ ስለታየን የቀኙን ማንጠልጠያ በረጅም አስለወጥን። ይህ ወገቡ የጎበጠን ሰው ከፍ ያለ ጫማ እንደ ማልበስ ነው። ቁመቱ ይጨምራል፤ ወገቡ ግን አይቀናም። የተኛው ባሌስትራ እንደተኛ ቀረ፤ ማንጠልጠያው ግን ግራ ቀኝ መወዛወዝ ጀመረ።

ሦስተኛ፤ በ2010 ዓ.ም. የግራውን ሁለት ቅጠሎች ፈትተን ወደ ብረት ሠሪ ወሰድንና በእሳት አግሎ እንዲቀስትልን ጠየቅነው። ሰውየው ዐዋቂ ነው። በአካባቢያችን ማረሻው፣ ማጭዱ፣ መጥረቢያውና ቢላዋው ከአሮጌ ባሌስትራ እንደሚሠራ የማያውቅ የለም፤ ስለዚህ ይህን ብረት ከእርሱ የበለጠ የሚያውቀው አልነበረም። እርሱም በግልጽ «ለማረሻ ከሆነ እሠራላችኋለሁ፤ ለመኪና ግን አልምልበትም» አለን። እኛ ግን ለምነን፣ ነዝንዘን አሠራነው። ብረቱ ግሎ ሲቀሰት ፋብሪካ የሰጠው ጥንካሬ ጠፋ። በምድጃ እሳት የሙቀቱን ልክ መጠበቅ አይቻልምና ወይ ለስላሳ ይሆናል ወይ እንደ ሸክላ ይሰባበራል። የእኛው ለሰለሰ። መኪናዋ አርባ ቀን ያህል ቀና ብላ ቆይታ ተመልሳ ተኛች። የለሰለሱት ቅጠሎች ጭነቱን መሸከም ሲያቅታቸው ሸክሙ ሁሉ በዋናው ቅጠል ላይ ወደቀ። ጥፋቱ የብረት ሠሪው አይደለም፤ ነግሮን ነበር።

ሰውን የማንሰማ ሰዎች ሆነን ነበር እንግዲህ። እማማን አልሰማን፣ ብረት ሠሪውን አልሰማን።

5. ትክክለኛው አጠጋገን

ከአደጋው በኋላ የሥራ አመራሩ ፈቃድ ሰጥቶን ጥንድ አዲስ ባሌስትራ ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ገዛን። ከእነርሱም ጋር አዲስ ዩ ቦልት ከነዳዶው፣ አዲስ ቡሽና አዲስ የዐይን ብሎኖች ገዛን። ባሌስትራ ሁልጊዜ በጥንድ ነው የሚለወጠው። አንዱን አዲስ አንዱን አሮጌ ማድረግ አዲሱን በሬ ከደከመ በሬ ጋር መጥመድ ነው፤ ቀንበሩ ያዘማል።

ሥራው እንዲህ ነው።

ከአንድ ቀን በፊት የዩ ቦልቶቹንና የዐይኖቹን ብሎኖች በሽቦ ብሩሽ ጠርገን ዘይት የተቀላቀለ ናፍጣ አጠጣናቸው። በማግሥቱ መኪናዋን ደረቅና ጠንካራ ሜዳ ላይ አቆምን፤ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ወተፍን። የኋላ ጎማዎችን ዳዶዎች በመሬት ሳለች አላላን። ከዚያ ሻንሲውን በክሪክ አንሥተን ከበታቹ ወፋፍራም ጠርብ እንጨቶች አነባበርን። ክሪክን ብቻ አምኖ ከመኪና ሥር መግባት ነፍስን በገመድ ማንጠልጠል ነው፤ ይህን ወጣቶች በተለይ ስሙን።

ሁለተኛ ክሪክ ከአክስሉ ሥር አደረግን። ጎማውን አወጣን፤ አሞርዛተሩን ከታች ፈታን። ዩ ቦልቶቹን ፈትተን አክስሉን ቀስ ብለን ዝቅ አደረግን። እዚህ ላይ የፍሬን ቱቦው እንዳይወጠር መጠበቅ ያስፈልጋል። የዐይኖቹ ብሎኖች በቡሹ ብረት ውስጥ ዝገው ስለተጣበቁ ሁለቱን በመጋዝ ቆረጥናቸው፤ በአሮጌ ላንድሮቨር ይህ የተለመደ ስለሆነ አዲስ ብሎን አስቀድሞ መያዝ ደግ ነው። እሳት ግን አላቀረብንም፤ ቤንዚን ታንክ ቅርብ ነው።

አዲሱን ስንገጥም የመሀሉ ብሎን ራስ አክስሉ ላይ ባለው ጉድጓድ በትክክል መቀመጡን አየን። ዩ ቦልቶቹን ግራ ቀኝ እያፈራረቅን በእኩል አጠበቅን። የዐይኖቹን ብሎኖች ግን እስከ መጨረሻው ያጠበቅነው መኪናዋ በጎማዋ መሬት ላይ ቆማ ክብደቷን ከጣለች በኋላ ነው። አየር ላይ ሳለች ቢጠብቅ የቡሹ ጎማ ተጠምዝዞ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ዩ ቦልቶቹን እንደገና አጠበቅን፤ አዲስ ብረት እስኪቀመጥ ይላላልና።

አዲስ ለመግዛት አቅም ለሌለው ደግሞ የአሮጌውን ቅጠሎች ማደስ ይቻላል። መጀመሪያ ባሌስትራው በሞርሳ ከሁለት ወገን ተጨብጦ ነው የመሀሉ ብሎን የሚፈታው፤ አለዚያ ቅጠሎቹ ተስፈንጥረው ይመታሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቅጠል በብሩሽ ይጠራል። ሸክላ ድስት ስትገዙ በጣታችሁ እንደምታንኳኩት ቅጠሉን አንጠልጥላችሁ በመዶሻ ንኩት፤ ደኅናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ይደነቁራል። ለማረጋገጥ ነጭ ጋዝ ቀብታችሁ ጥርግ አድርጉትና የጠመኔ ዱቄት ነስንሱበት፤ ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ ወጥቶ መስመር ይሠራል። በተለይ የመሀሉን ቀዳዳ ዙሪያ እዩ። የተሰነጠቀ ቅጠል ይጣላል እንጂ አይበየድም፤ የብየዳ ሙቀት አጠገቡን ያለውን ብረት ያበላሸዋል።

ደኅና የሆኑትን ቅጠሎች ያለ እሳት፣ በፕሬስ ጥቂት በጥቂት እየተጫኑ እንዲቀሰቱ ማድረግ ይቻላል። ልምድ ያለው ሰው ነው የሚሠራው። ቢሆንም ብረቱ አንዴ ደክሟልና የአዲስ ያህል አይቆይም። ሲገጠም በቅጠሎቹ መካከል ግራፋይት ያለበት ግራሶ ይቀባል፤ ዝገትንም መጣበቅንም ይከላከላል።

6. ከእንግዲህ ምን እናድርግ?

አባላት ሆይ፣ ባሌስትራው ተለውጧል፤ መኪናዋም ቀና ብላ ቆማለች። ግን ጭነታችን ካልተለወጠ እርስዋም ተመልሳ ትተኛለች። ለዚህ ነው ጉባኤው ፊት የቆምነው።

እኛ የመንዝ ሰዎች የጋራ ነገርን በሥርዓት መያዝ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጓሳን እዩት። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ያ ደጋ፣ አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት እየከፈቱ ስላጨዱት ነው ለዛሬ የበቃው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀድሞው ሥርዓት ቢፈርስም ኅብረተሰቡ በአዲስ መልክ ጥበቃውን ቀጥሏል። ሣሩ የማንም ስለሆነ አይደለም የተረፈው፤ የሁሉም ስለሆነና ልክ ስለተበጀለት ነው። መኪናችንም የሁላችንም ናት። ልክ እናብጅላት።

ንዑስ ኮሚቴያችን የሚያቀርባቸው ሐሳቦች እነዚህ ናቸው።

ሀ) አስከሬን በሚጫንበት ጊዜ ሾፌሩን ጨምሮ ከ8 ሰው በላይ እንዳይሳፈር፤ አስከሬን በማይኖርበት ጊዜም ከ12 እንዳይበልጥ። ቀሪው ለቀስተኛ በኪራይ መኪና ወይም በእግር ይሂድ።

ለ) ድንኳንና ዕቃ ከአስከሬን ጋር አብሮ እንዳይጫን። ዕቃው በዋዜማው ወይም በሌላ ጉዞ ይሂድ፤ ፖርቶ መጋላው ላይም ከባድ ነገር አይውጣ።

ሐ) በየሦስት ወሩ መኪናዋ ተለክታ ክፍተቱ በመዝገብ እንዲጻፍ፤ ዩ ቦልት፣ ቡሽና ቅጠሎች እንዲታዩ። ዓመታዊ ቦሎ ስታወጣ ታይታለች ብለን እንዳንዘናጋ፤ ከቦሎ እስከ ቦሎ ዓመት ነው፤ ባሌስትራ የሚሰበረው በአንድ ቀን ነው።

መ) ከሾፌሩ በቀር «ይህ በዛ» ብሎ ሰው የማስወረድ ሥልጣን ያለው ሌላ ሰው እንዳይኖር፤ ሾፌሩ ውረዱ ሲል የሥራ አመራር አባል ቢሆንም ይውረድ። ይህችን አንቀጽ እኛው ራሳችን በራሳችን ላይ ነው የጻፍናት፤ ያን ቀን ከ17ቱ አራቱ እኛ ነበርንና።

ሠ) ከየወሩ መዋጮ ላይ ጥቂት ተቆርጦ ለመኪና መለዋወጫ ብቻ እንዲቀመጥ። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው፣ ቡሽ በሚለወጥበት ዋጋ ቡሽ እንለውጥ፤ ቆይተን አክስል እንዳንገዛ።

ከአባላት «በለቅሶ ቀን ለቀስተኛን ከመኪና ማስወረድ ነውር አይሆንም ወይ?» የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እናውቃለን። እኛም ያኔ ያልነው ይህንኑ ነው። ሆኖም ነውሩ የትኛው ነው? ጎረቤትን «ወንድሜ፣ ቦታ የለም፤ በኋላ ናልን» ማለት ነው፣ ወይስ የእናታችንን ሣጥን ጭቃ ውስጥ ማውረድ? ዕድር የተመሠረተው ሟችን በክብር ለመሸኘት፣ ሐዘንተኛንም ለማጽናናት ነው። አንዱን ለቅሶ ስንደርስ ሌላ አሥራ ሰባት ለቅሶ ልናመጣ ነበር።

በመጨረሻም፣ ክንዱ የተሰበረው ወጣት ድኖ ዛሬ ከመካከላችን ተቀምጧል፤ ባሌስትራውን ስንለውጥም ክሪኩን የያዘልን እርሱ ነበር። የተሰበረውን ዋና ቅጠል አልጣልነውም፤ ለማረሻም አልሰጠነውም። በዕቃ ቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነዋል። መኪና ስትጠይቁ ቁልፉን የምትቀበሉት እዚያው ሥር ነውና ቀና ብላችሁ እዩት። እማማን ዛሬ በሁላችሁ ፊት ይቅርታ እንጠይቃቸዋለን፤ የሟችን ልጅና ቤተ ሰቦቿንም እንዲሁ።

የቀረቡት አምስት ነጥቦች በጉባኤው ውይይት ተደርጎባቸው በድምፅ እንዲወሰንባቸው በአክብሮት እንጠይቃለን።  የሞቱትን ነፍስ ይማር፤ ያለነውን ይጠብቀን።